ሕግ ለፈቀደው ንስሐ ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ከአራት ዓመት በፊት ተማሪ ሳለሁ ጽንስ አስወርጃለሁ። ሕጉ በሚፈቅደው መሠረት፣ በጤና ተቋም ነው የተደረገልኝ። አሜሪካ ያለችው እህቴ «እዚህ አንዱ ስቴት ይፈቅዳል፣ ሌላው ይከለክላል፤ መንግሥታት ያልተስማሙበትን አንቺ ምን ያስጨንቅሻል?» ትለኛለች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የማስቀድሰው ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆሜ ነው። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እህትሽ ስለ ሕግ የምትለው እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለመላ አገሪቱ የፈቀደውን፣ በ2022 ያው ፍርድ ቤት ሽሮ ለየስቴቱ መለሰው። አየርላንድ በ1983 ሕገ መንግሥቷ ላይ የጻፈችውን ክልከላ በ2018 ሕዝቡ በድምፁ አነሣው። ኤል ሳልቫዶር ደግሞ በምንም ምክንያት አትፈቅድም። የእኛ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ማስወረድን ወንጀል ካለ በኋላ፣ በአንቀጽ 551 መደፈርን፣ የእናቲቱን ሕይወትና ጤና፣ ለአካለ መጠን አለመድረስንና ሌሎችንም ምክንያቶች ለይቶ ይፈቅዳል። ኃጢአት በዚህ የሚለካ ቢሆን አውሮፕላን በተሳፈርን ቁጥር ይለዋወጥብን ነበር።

ሕግ የሚነግርሽ ማን እንደሚታሰር ነው። ቤተ ክርስቲያን የምትቆጥረው ከሌላ ቦታ ጀምራ ነው። ቀን መቁጠሪያችንን እዪው፤ የጌታን ጽንሰት መጋቢት 29፣ ልደቱን ታኅሣሥ 29 ነው የምናከብረው። በፍልሰታ ጾም ውስጥም ነሐሴ 7 የእመቤታችን ጽንሰት አለ። ያልተወለደው «ገና ምንም» ቢሆን እነዚህን በዓላት ማን ይሠራቸው ነበር? ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነው ብዬ አላጽናናሽም። (ጽንሱ ከማኅፀን ውጭ አድሮ ሐኪም የእናቲቱን ነፍስ ለማትረፍ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለችውን ሴት የሚኮንን ካህን እኔ አላውቅም።)

አሁን ወደ አንቺ። በ314 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ በዕንቆራ (በዛሬዋ የቱርክ ከተማ አንካራ) ለጉባኤ የተሰበሰቡት የቤተ ክርስቲያን አባቶች፣ ቀድሞ ያስወረደችን ሴት እስከ ዕለተ ሞቷ ከቁርባን ይከለክል የነበረውን ሥርዓት ወደ 10 ዓመት አቀለሉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰባኪ 10 ዓመቷን ብቻ ይጮህባታል፤ እኔ የማየው «አቀለሉት» የሚለውን ነው። በር ለመክፈት ነው የተሰበሰቡት። የአንቺን ቀኖና የሚወስኑት ደግሞ ታሪክሽን ሰምተው ንስሐ አባትሽ ናቸው እንጂ እኔ በጽሑፍ አልቆርጠውም። ለምን እንዳደረግሽው አልጻፍሽልኝም፤ እኔም አልጠይቅሽም። ተገደሽ እንደሆነ እሱንም ለእሳቸው ንገሪያቸው፤ ይለያል። «አስወጪው» ብሎ ገንዘብ ሰጥቶ የጠፋ ወንድ ካለም ንስሐው የአንቺ ብቻ አይደለም። እሱ ግን ምናልባት ከፊት ቆሞ ያስቀድስ ይሆናል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ጣና ዳር ባለ አንድ ደብር ሳስተምር፣ ከጉባኤው በኋላ አንዲት ልጅ መጥታ ይህንኑ ጠየቀችኝ። የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች። በእጇ የያዘችው ጧፍ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። እኔም ወጣት ነበርኩና ገና ሳትጨርስ «ይህ ነፍስ መግደል ነው» አልኳት። የተናገርኩት ቃል ከትምህርታችን አልወጣም። ልጅቷ ግን ዳግመኛ አልመጣችም። ለዚያ ችኮላዬ እኔም ቀኖና ተቀብያለሁ።

ስለዚህ ሂጂ። በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ሰው ስለሚከባቸው ሰኞ ረፋድ ይሻላል። አፍሽ ከተያዘ «አባ፣ አራት ዓመት የያዝኩት ነገር አለ» ብለሽ ጀምሪ፤ የቀረውን እሳቸው ይጠይቁሻል። የነገርሻቸው ከእሳቸው አይወጣም። ካህን የሰማውን ንስሐ ቢያወጣ በክህነቱ ይጠየቃል። እስከዚያው ከደጀ ሰላሙ ግቢ፤ ሳይቆርቡ ማስቀደስ አልተከለከለም።