ሩኪዎቹን በ15 ጨዋታ መዳኘት ይቻላል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ «የኤንቢኤ (የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ) ሩኪዎች፣ ማለትም የመጀመሪያ ዓመት ተጫዋቾች፣ 15 ጨዋታ ገደማ ተጫውተዋል፤ የዘንድሮው ባች ደካማ ነው ማለት ይቻላል ወይ? በድራፍት (ክለቦች አዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት) ከላይ ተመርጦ በጨዋታ 5 ነጥብ የሚያመጣን ልጅ የባከነ ምርጫ ብንለው ያስኬዳል?» የሚል ነው። ከሥር የተለጠፉት መልሶች ሁሉ የነጥብ ሰንጠረዥ ስለሆኑ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

በዚህ ሰዓት ባቹን ከ1 እስከ 10 መደርደር አይቻልም። የሚቻለው ለእያንዳንዱ ልጅ ምን ሥራ እንደተሰጠውና ሥራውን እንዴት እየሠራው እንደሆነ ማየት ነው። የነጥብ አማካይ በኖቬምበር በአብዛኛው የሚነግርህ የትኛው ቡድን ውስጥ ክፍት ቦታ እንደነበረ ነው።

የ2024ቱን ባች እንውሰድ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፤ የዓመቱ መጨረሻ ስለታወቀ ለማነጻጸር ይመቻል። ያኔ በኖቬምበር ከሩኪዎች በነጥብ ይመራ የነበረው በ16ኛ የተመረጠው የፊላደልፊያው ጃሬድ ማኬይን ነበር። ልጁ መተኮስ ይችላል፣ እሱ አያጠያይቅም። ግን የቡድኑ ኮከቦች ኤምቢድና ፖል ጆርጅ ውድድሩን በጉዳት ነው የጀመሩት፤ በኖቬምበር መጀመሪያ ደግሞ ሌላው ኮከብ ማክሲ ታፋው ላይ ተጎዳ። ቡድኑ ውስጥ ኳስ ይዞ የሚያጠቃ ሰው ጠፋ፣ ያ ሁሉ ሙከራ (ተኩስ) ለማኬይን ተረፈ። በዲሴምበር ጉልበቱ ተጎድቶ ዓመቱ በ23 ጨዋታ ሲያበቃ አማካዩ 15.3 ነበር።

በዚያው ወር በ3ኛ የተመረጠው ሪድ ሼፐርድ ሂውስተን ቤንች ላይ ነበር። «3ኛ ተመርጦ?» ተባለ። ሂውስተን ግን 3ኛውን ቦታ ያገኘው ተሸናፊ ቡድን ሆኖ አይደለም፤ ምርጫው በተጫዋቹ ጄምስ ሃርደን ዝውውር ከብሩክሊን የመጣ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 41 አሸንፎ 41 የተሸነፈ፣ በዚያ ዓመት ደግሞ 52 ያሸነፈ ቡድን ነው። ከልጁ ፊት ቫንቭሊት፣ ጄለን ግሪንና አሜን ቶምፕሰን ቆመዋል። ዓመቱን በ12 ደቂቃ ተኩል አካባቢ አማካይ ጨረሰ። ለሁለተኛው ዓመት ውድድር ዝግጅት ላይ ቫንቭሊት ጉልበቱ ሲበጠስ ነው በር የተከፈተለት። እንግዲህ ሁለቱን ልጆች በኖቬምበር ነጥብ ብታወዳድር ምኑን አወዳደርክ?

የዓመቱ ምርጥ ሩኪ የተባለው በ4ኛ የተመረጠው የሳን አንቶኒዮው ስቴፎን ካስል እንኳ ከዚህ አያመልጥም። መነሻው ላይ ከክሪስ ፖል ጋር ኳሱን እየተጋራ ነበር። በፌብሩዋሪ የቡድኑ ኮከብ ዌምባንያማ በደም መርጋት ምክንያት ከውድድር ወጣ፣ በማርች ጋርዱ ፎክስ ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ የካስልም ሙከራ በዚያው አደገ። ሽልማቱ አይገባውም እያልኩ አይደለም። ከባለ ሦስት ነጥብ ርቀት 28.5 በመቶ ብቻ እያስገባ ዓመቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ያቆየው መከላከሉና ወደ ቅርጫት መግባቱ ነው፤ ያ ደግሞ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ለሚያይ ሰው ይታይ ነበር።

አሁን ቁጥር ላይ እንምጣ። በኖቬምበር በፍጹም የማይታመነው የባለ ሦስት በመቶኛ ነው። ሒሳቡን ራስህ ሥራው፦ በጨዋታ 4 ሙከራ ቢኖረው በ15 ጨዋታ 60 ይሆናል። እውነተኛ ችሎታው 35 በመቶ ከሆነ 21 ያስገባል ብለን እንጠብቃለን። ግን በዕድል ብቻ 17 ቢያስገባ፣ ወይም 25 ቢያስገባ የሚገርም አይደለም። 17 ማለት 28 በመቶ ነው፣ 25 ማለት 42 በመቶ። አንዱን «መተኮስ አይችልም»፣ ሌላውን «አዲስ ክሌይ ቶምፕሰን» (እንደ ታዋቂው ባለ ሦስት ተኳሽ) እንለዋለን፤ ልዩነታቸው 8 ኳስ ነው። ከአራት አምስት ጊዜ አንዴ ደግሞ ከዚያም ክልል ይወጣል። ሌከርስ በ17ኛ የመረጠው ዳልተን ኔክት ኖቬምበር 19 ቀን ዩታ ላይ 9 ባለ ሦስት አስገብቶ የሩኪዎችን የአንድ ጨዋታ ክብረ ወሰን ሲጋራ፣ 37 ነጥብም ሲያመጣ፣ በማግስቱ «ከሌከርስ በፊት የመረጡት ሁሉ ተሳሳቱ» ያላለ አልነበረም። ዓመቱን በ9.1 ጨረሰ። በፌብሩዋሪ ሌከርስ ራሱ ለሻርሎት ሊሰጠው ተስማምቶ ነበር፤ ዝውውሩ የፈረሰው ማርክ ዊሊያምስ የሕክምና ምርመራውን ስላላለፈ እንጂ ሌከርስ ሐሳቡን ስለቀየረ አልነበረም።

ታዲያ ከተኩስ ምን ይታያል? በመቶኛውን ተወውና ስንት ሙከራ እንደሚያደርግና ከየት እንደሚያደርግ ተመልከት። የኮሌጁም የፊባውም (የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን) የባለ ሦስት መስመር 6.75 ሜትር ነው። የኤንቢኤ መስመር ማዕዘኑ ላይ 6.7፣ መሀል ላይ 7.24 ሜትር ነው። ስለዚህ ከማዕዘን ሲተኩስ የለመደውን ነው የሚተኩሰው፤ መሀል ላይ ግን ግማሽ ሜትር ያህል ተጨምሮበታል። ከመሀል ያለማመንታት የሚለቅ ልጅ 28 በመቶም ቢሆን አያሳስብም። ብቻውን ቆሞ ኳስ ደርሶት ቅርጫቱን አይቶ መልሶ የሚያቀብል ልጅ ግን በመቶኛው 40 ቢሆንም ያሳስባል፤ ተከላካዩ ትቶት መሀሉን ሊዘጋ ይሄዳል፣ የጓደኞቹም መንገድ ይጠባል። ቅጣት ምት ደግሞ ከባለ ሦስቱ የተሻለ ፍንጭ ነው፤ የኮሌጁን ጨምረህ እየው።

ቶሎ የሚታመኑት አሰልቺዎቹ ቁጥሮች ናቸው፦ ኳስ ማባከን፣ አሲስት (ነጥብ ያስገኘ ቅብብል)፣ ሪባውንድ (የተሳተ ኳስ መያዝ)፣ ብሎክ (ተኩስ ማገድ)፣ ፋውል (ጥፋት)። ሁሉንም ወደ 36 ደቂቃ ቀይራቸው፤ በደቂቃ አካፍለህ በ36 ማባዛት ነው። 18 ደቂቃ ተጫውቶ 4 ፋውል የሚሠራ ሴንተር (ቅርጫት ሥር የሚጫወት ረጅም ተጫዋች) በ36 ደቂቃ 8 ይሆንበታል፣ በ6 ፋውል ደግሞ ከሜዳ ይወጣል። አሰልጣኙ «ለምን አያጫውተውም» ለሚለው መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ምክንያቱም ይታወቃል፦ ኮሌጅ ላይ ሴንተሩ የፈለገውን ያህል ቅርጫት ሥር ይቆማል፤ ኤንቢኤ ላይ የሚይዘው አጥቂ አጠገቡ ከሌለ ከ3 ሰከንድ በላይ መቆም ቅጣት ስላለው እየወጣ መግባት አለበት፣ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ዘግይቶ የደረሰ ደግሞ እጅ ይመታል።

ነጥብን ብቻውን ከማየት ነጥቡ በስንት ሙከራ እንደመጣ አስላ። ሙከራውን ወስደህ የቅጣት ምቱን 0.44 እጥፍ ጨምርበት፣ ድምሩን በ2 አባዛ፣ ነጥቡን ለዚህ አካፍል። 15 ነጥብ በ15 ሙከራና በ4 ቅጣት ምት 44.7 በመቶ ነው። 11 ነጥብ በ8 ሙከራና በ2 ቅጣት ምት 61.9 ነው። የሊጉ አማካይ ከ57 እስከ 58 አካባቢ ስለሚዋልል የመጀመሪያው ልጅ ቡድኑን እየጎዳ ነው፣ ሰንጠረዡ ላይ ግን ከላይ የተቀመጠው እሱ ነው። ፕላስ ማይነስን (ልጁ ሜዳ ላይ ሳለ የቡድኑን የነጥብ ልዩነት) ለጊዜው እርሳው፤ አብረውት የገቡት አራት ሰዎች ናቸው የሚወስኑት።

ከቁጥር ቀጥሎ ማየት ነው። እዚህ አገር ቤት ላለን ጨዋታው የሚጀምረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወዲያ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ጠዋት ላይ ሃይላይት ነው የሚያየው። ሃይላይት ላይ የገባ ኳስ እንጂ የተበላሸ መከላከል አይወጣም። በሳምንት አንድ ሙሉ ጨዋታ ምረጥ፤ 25 ነጥብ ልዩነት የሆነውን ሳይሆን የተቀራረበውን። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሩብ ኳሱን ትተህ ልጁን ብቻ ተከተል። ጋርድ (ከውጭ ኳስ የሚያንቀሳቅስ) ከሆነ ፒክ ኤንድ ሮል ሲከላከል እየው፤ ያ ማለት አንድ አጥቂ ኳስ ለያዘው ጓደኛው ተከላካዩን በአካሉ ሲጋርድለት (ስክሪን) ነው፦ ስክሪኑ ሲመታው በሁለት እርምጃ ወደ ሰውዬው ይመለሳል ወይስ ከጀርባ ሆኖ ይከተላል? ራሱ ኳስ ሲይዝ ደግሞ፣ ሴንተሩ ወደ ቅርጫት ሲወርድ ከማዕዘን ለእርዳታ የሚገባ ተከላካይ አለ፤ ያ ሰው በገባበት ቅጽበት ማዕዘኑ ባዶ ነው። ልጁ ያንን አይቶ ኳሱን ከለቀቀ፣ ተቀባዩ ቢስትም ባይስትም፣ ትልቅ ነገር አየህ። አሲስት ሆኖ ግን ላይመዘገብ ይችላል። በመጨረሻው 5 ደቂቃ ውጤቱ ተቀራርቦ አሰልጣኙ ይተወዋል ወይስ ያወጣዋል የሚለውንም ልብ በል። ሜምፊስ በ39ኛ የመረጠው ጄይለን ዌልስ የዓመቱ ምርጥ ሩኪዎች የመጀመሪያ ቡድን ውስጥ የገባው 10.4 ነጥብ ይዞ ነው፤ በየጨዋታው የተጋጣሚውን ምርጥ ጋርድ እንዲይዝ የሚላከው እሱ ነበር።

ቦታም አትርሳ። ሳን አንቶኒዮ በ2023 ውድድሩን ሲጀምር ፎርዋርዱን ሶሃንን ፖይንት ጋርድ (ኳስ አከፋፋይ) አድርጎ ያኔ ሩኪ የነበረውን ዌምባንያማን ከሴንተሩ ዛክ ኮሊንስ አጠገብ ነበር የሚያሰልፈው። በዲሴምበር ዌምባንያማን ወደ ሴንተር ሲያዞሩት፣ ቀጥሎም ፖይንት ጋርዱን ትሬ ጆንስን ቋሚ ሲያደርጉ፣ ያው ልጅ ሌላ ሰው መሰለ።

«ግን ከመጀመሪያው የሚታወቅ አለ» ለምትሉ ደግሞ 2013 አለላችሁ። የፊላደልፊያው ማይክል ካርተር ዊሊያምስ በመጀመሪያ ጨዋታው ማያሚ ላይ 22 ነጥብ፣ 12 አሲስት፣ 7 ሪባውንድና 9 ስቲል (ከተጋጣሚ የተነጠቀ ኳስ) አመጣ። የዓመቱን ሩኪ ሽልማትም ወሰደ። ግን 19 ብቻ ያሸነፈ፣ በሊጉ ከሁሉም ፈጥኖ የሚሮጥ ቡድን ውስጥ ነበር፣ ከባለ ሦስት 26.4 በመቶ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመቱ አጋማሽ ፊላደልፊያ ሸጠው። በ15ኛ የተመረጠው ያኒስ በ6.8 ነጥብ ነው ዓመቱን የጨረሰው፣ ውድድሩ ሲጀመር ገና 18 ዓመቱ ነበር። በ27ኛ የተመረጠው ጎቤር 2.3 ነጥብ ነበረው። ሆኖም በ9.6 ደቂቃ 0.9 ብሎክ ነበረው፤ ወደ 36 ደቂቃ ስትቀይረው 3.4 ይሆናል። ቆይቶ አራት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ያቺን ትንሽ ቁጥር ያየ ሰው በኖቬምበርም አይቷታል።

መቼ ፍርድ ይሰጥ ካልከኝ፣ ከኦልስታር ዕረፍት (በፌብሩዋሪ ካለው የኮከቦች ጨዋታ ዕረፍት) በፊት አልነካውም። የኮሌጅ ልጅ በዓመት 35 ጨዋታ ገደማ ነው የለመደው፤ ኤንቢኤ ላይ ያንን በጃንዋሪ መጀመሪያ ይጨርስና ገና ከግማሽ በላይ ይቀረዋል፣ እግሩ ይከብዳል፣ ተኩሱ ያጥራል። አንተኒ ኤድዋርድስ በሩኪ ዓመቱ ከዕረፍቱ በፊት በጨዋታ 14.9፣ ከዕረፍቱ በኋላ 23.8 ነበር። ማርችና ኤፕሪልን ግን ቀንሰህ ውሰድ፤ ከፕሌይኦፍ (ከዋንጫው የማጣሪያ ዙር) ውጭ የሆኑት ቡድኖች ነባሮቹን ስለሚያሳርፉ የሩኪው ነጥብ ያብጣል። ክለቦቹም ቢሆኑ አይቸኩሉም፦ የአንደኛ ዙር ውል 4 ዓመት ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተረጋገጡ ናቸው፣ ሦስተኛውን ዓመት ለመያዝ የሚወስኑት ሁለተኛው ዓመት ሲጀመር እስከ ኦክቶበር 31 ነው።

ቶሎ የሚያሰጋኝ አንድ ዓይነት ልጅ ብቻ ነው፦ ዕድሜው 22 ወይም 23 የሆነ፣ ተሸናፊ ቡድን ውስጥ ያለ፣ ከፊቱ የተጎዳ ሰው እያለ እንኳ ደቂቃ ያላገኘ። የ19 ዓመቱን ልጅ ግን ጥሩ ቡድን ውስጥ 5 ነጥብ አመጣ ብዬ አልሰርዘውም። አንተ ያልከው ልጅ ማን እንደሆነ አልጠቀስክም፤ ስሙን፣ ደቂቃውንና ቡድኑ ውስጥ ከፊቱ ማን እንዳለ ጻፍልን፣ ከዚያ በስሙ እንነጋገራለን።