ጥያቄና መልስ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ረጅም መንገድ ስትወጡ ኢንተርኔት እንዳይጠፋባችሁ

ሰላም ወገኖች፣ የኔትወርክ ቴክኒሻን ነኝ፣ ኑሮዬ ኮምቦልቻ። የመንገድ ኢንተርኔት ጥያቄ ያላችሁ አምጡት። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልበል፣ ሹፌር ስልክ አይነካም፣ የሚነካካው ጎን ያለው ሰው ነው።

የሐረጎ ልጅ፦ ጋሼ፣ የሲግናል ባሩ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት እምቢ የሚለው ለምንድነው?

ባሩ ስልክህ ታወሩን መስማቱን ነው የሚነግርህ፣ ዳታ መኖሩን አይደለም። አጠገቡ ያለችውን ምልክት እይ፣ የእንግሊዝኛዋ ኢ (E) ከሆነች 2ጂ ላይ ነህ፣ ጥሪና የቴሌብር *127# ይሰራል፣ ቪዲዮ እርሳው። 4ጂ ሆኖ ከቆመ ግን ታወሩ ተጨናንቆ ሊሆን ይችላል፣ ኤርፕሌን ሞድ አድርገህ መልሰው።

ሚሚ ደሴ፦ አዲስ አበባ ከልጆች ጋር ልሄድ ነው፣ ምን ላዘጋጅ?

ካርታውንም የልጆቹንም ቪዲዮ ቤት ዋይፋይ ላይ አውርጂ፣ ፓኬጁንም ከመነሳትሽ በፊት ግዢ። ጣርማ በር አካባቢ ተራራው ሲከልልሽ ስልኩ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪ ይጨርሳል፣ የመኪና ቻርጀር ያዢ።

ፒያሳ፦ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ መግዛት እንዳትረሺ

ቦሩ ሜዳ፦ ቆሎ ሸዋ ሮቢት ላይ ነው የሚሻለው

ፒያሳ፦ ኧረ ወላሂ ተው፣ ቆሎ ማለት የደብረ ሲና ነው!

ወደ ጥያቄው እንመለስ።

የባቲ ሹፌር፦ ጭነት መኪና ላይ አንቴና ብገጥም ይጠቅመኛል ወይ?

ይሄ ነው ጥያቄ! ይጠቅምሃል፣ በትክክል ከገጠምከው። የጋቢናው ብረት ሲግናል ስለሚከለክል አንቴናው ጣሪያ ላይ ይውጣ፣ ስልክ ግን የአንቴና መሰኪያ ስለሌለው ሲም የሚቀበል፣ የውጭ አንቴና መሰኪያ ያለው ራውተር ያስፈልግሃል። ቤት ጣሪያ ላይ እንደምታየው አይነት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያይ አንቴና እንዳትገዛ፣ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ታወሩን ይስታል፣ በዙሪያው ሁሉ የሚቀበለውን ውሰድ፣ ራውተሩ ሁለት መሰኪያ ካለው ሁለቱንም ሙላ። ገመዱ አጭርና ወፈር ያለ ይሁን፣ ቀጭን ረጅም ገመድ አንቴናው ያመጣውን ራሱ ይበላዋል። 900 ሜጋኸርዝ የሚባለው የኔትወርክ ሞገድ ከ1800ውና ከ2100ው ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ስለዚህ ገጠር ላይ የምታገኘው ብዙ ጊዜ እሱን ነው፣ አንቴናው 900ን እንደሚቀበል ሳታረጋግጥ ብር አትክፈል። ራውተሩንም ወደ ሚሌ ስትወርድ ፀሐይ የሚመታው ዳሽቦርድ ላይ አታስቀምጥ፣ ይግላል። የሚነካካው ረዳትህ ይሁን፣ አንተ አይደለህም።

ቦሩ ሜዳ፦ ሲግናል የሚጨምር አፕ አለ ይባላል

ሚሚ ደሴ፦ እኔም ጭኜዋለሁ፣ ለውጥ ያለው ይመስለኛል

አፕ ሲግናል አይጨምርም። አጥፉት።

ፒያሳ፦ የሳተላይት ኢንተርኔትስ?

ፈቃዱን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ እነሱን ጠይቅ።

ሸዋ በር፦ የኔ ኢንተርኔት ቀርፋፋ ነው ምን ላድርግ?

የት? በምን ስልክ? 4ጂ ነው ኢ? የመጀመሪያውን መልስ አንብብና እነዚህን ይዘህ ተመለስ።

የሐረጎ ልጅ፦ 09 ይሻላል 07?

ሁለት ሲም በሚይዝ ስልክ ሁለቱንም ያዝ፣ አንዱ በሌለበት አንዱ ይኖራል። ክርክር አልገባም።

የባቲ ሹፌር፦ አንቴናውን እገዛለሁ፣ አላህ ይስጥህ። ጋላፊ ስደርስ ግን ሂሳቤ ያልቃል

ድንበር አካባቢ ስልክህ የጅቡቲውን ታወር ይይዝና ሮሚንግ፣ ማለትም የሌላ አገር ኔትወርክ የመጠቀሚያ ሂሳብ፣ ይቆርጥብሃል። ሴቲንግ ገብተህ ዳታ ሮሚንግ አጥፋ፣ ኔትወርኩንም ከአውቶማቲክ አውጥተህ የራስህን በእጅ ምረጥ። ቆመህ።