ከቦርጩ በፊት ጉልበቱን፦ ምክር ለዲያስፖራው

ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ቁጭ በሉ። ከውጭ የመጣውን ሰው ለመለየት መታወቂያ አያስፈልግም። ጫማው ገና ከካርቶን የወጣ ነው። ሰዓቱ የልብ ምቱን ይቆጥርለታል። አንዱ ጉልበቱ ላይ ጥቁር ማሰሪያ አለ። ሯጮቹ ልጆች ደረጃውን ሲወጡ አብሮ ይወጣል፣ ሲወርዱ አብሮ ይወርዳል። ከሁለት ቀን በኋላ ካፌ ውስጥ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ በረዶ ሲያደርግበት ታገኙታላችሁ።

እኔ ውጭ ኖሬ የተመለስኩ የአራት ኪሎ ሰው ነኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ትርኢት አያለሁ። ከጉዳት አገግማችሁ፣ ተኝታችሁ ያወጣችሁትን ቦርጭ በአንድ የዕረፍት ወቅት አራግፋችሁ ሸንቀጥ ብላችሁ ለመመለስ ያሰባችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ብቆጣ አትቀየሙኝ።

1. ወረቀት

የቀዶ ሕክምናው ሪፖርት፣ የኤምአርአይ ሲዲው እና የፊዚዮቴራፒ ልምምዱ ዝርዝር ከእጅ ሻንጣችሁ አይለዩ። አለቀ።

2. አየሩና መንገዱ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዝቅ ያለ ከተማ የለመዳችሁት ሩጫ እዚህ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሰንፋችሁ አይደለም፣ አየሩ ስስ ሆኖ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ወክ አድርጉ፣ በቃ። እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ፓርኩ የትም አይሄድባችሁም፣ ቆዩ።

በቅርቡ እግራችሁን ኦፕራሲዮን ከሆናችሁ ከረጅም በረራ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ከበረራ በኋላ አንዱ ባታችሁ ካበጠና ካመማችሁ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። አታሹት፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

መንገዱ ከድሮው ይሻላል። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ለተጎዳ ጉልበት ቁልቁለት ከዳገት ይከፋል። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወስደውን የቸርችል ጎዳና በታክሲ ውረዱት፣ በእግር ውጡት።

3. ስብና ጡንቻ

«ድነሃል» ሲሏችሁ አጥንቱ ገጥሟል፣ ቁስሉ ደርቋል ማለታቸው ነው። ጡንቻው ተመልሷል ማለታቸው አይደለም። የልብስ ሰፊ ሜትር አምጡና ሁለቱንም ጭኖቻችሁን ከጉልበት ሎሚ በላይ እኩል ርቀት ላይ ለኩ። የተጎዳው ወገን ከስቶ ካገኛችሁት ገና ለሩጫ አልደረሳችሁም። ጡንቻው ያልቻለውን መገጣጠሚያው ይሸከመዋል፤ ማታ የሚያቃጥላችሁም እሱ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥንካሬ። ከወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ በመጀመሪያ በሁለት እግር፣ ቆይቶ ክብደቱን ወደ ደካማው እያዛወራችሁ። አጭር ደረጃ ላይ መውጣትና ቀስ ብሎ መውረድ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ በመሃሉ ዕረፍት። ልኩ የሚታወቀው በማግስቱ ጠዋት ነው። ትንሽ ሕመም ኖሮ ሲያድር ከለቀቀ ደህና ናችሁ። ጉልበቱ አብጦ ካደረ አብዝታችኋል፣ ቀንሱ። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ መመለስ ይጀምራል፣ ጅማት ግን ዘገምተኛ ነው። የጉልበት ውስጥ ጅማቱ ተበጥሶ በቀዶ ሕክምና የተተካለት ሰው ኳስ ለመጫወት ቢያንስ 9 ወር መጠበቅ አለበት። ጃንሜዳ ከድሮ ጓደኞች ጋር «አንዲት ጨዋታ ብቻ» የምትሉ፣ ሰምታችኋል?

ቦርጩስ? መቶ ጊዜ ብትተኙና ብትነሱ የሚጠነክረው የሆድ ጡንቻ ነው። ከላዩ ያለው ስብ የሚቀንሰው ከመላው ሰውነት ጋር ነው፣ ከየት እንደሚጀምር እናንተ አታዙትም። ፍልውሃ ገብታችሁ በእንፋሎት ክብደት ብትቀንሱ የወጣው ውሃ ነው፣ ማታ ስትጠጡ ይመለሳል። ሆድ ላይ የሚታሰረው ቀበቶም ያው ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ከወረደላችሁ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ራሳችሁን ካስራባችሁ የሚሄደው ያው የከሳው ጡንቻ ነው።

ጡንቻ ደግሞ ያለ ፕሮቲን አይመለስም። ክብደት እያነሳ ስፖርት ለሚሠራ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ይመከራል። 80 ኪሎ ለሚመዝን 100 ግራም ቢገኝ ደህና ነው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው። ኩላሊቱን የሚያመው ሐኪሙን ይጠይቅ። በጾም ምስር፣ ሽሮ፣ ፉል አለላችሁ። ጣጣው ዘይቱ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፣ በያይነቱ ላይ ደግሞ ማንም በማንኪያ ለክቶ አያፈስም።

4. ወጌሻ

«አንድ እጁ የተባረከ ወጌሻ አለ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። አመስግኑና ተዉት። ብረትና ብሎን ያለበትን እግር በቅቤ እያሹ መጎተት ሕክምና አይደለም። ስብራት አጥብቀው አስረውበት ደም ሳይዘዋወር ቀርቶ እጅ እግር የተቆረጠበት ሰው በሆስፒታሎቻችን እንግዳ ታሪክ አይደለም። ከተማው ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት አለ። ክፈሉ።

5. መደበቁ

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

የአብዛኞቻችን ጉዳት ከስፖርት አልመጣም። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስናነሳ፣ አዛውንት ከአልጋ ስናወርድ፣ በረዶ አንሸራቶን ነው። ፊዚዮቴራፒ ይታዘዛል። ሁለቴ ይኬዳል። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ትርፍ ሰዓት ይመጣል። እዚህ ደግሞ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ የቤቱ ጣሪያ ሊመታ ነው። ቀጠሮው ይቀራል፣ ብሩ ይላካል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ከእኔ ጋር የነዱ፣ የተሸከሙ፣ ሌሊት የሠሩ ጓደኞቼ ዛሬ ባሠሩት ቤት ደረጃ ላይ የእጅ መደገፊያውን ይዘው ነው የሚወጡት። ይቆጨኛል። የሚቆጣን ታላቅ አልነበረንም።

ታዲያ ያ ሰው አዲስ አበባ ሲመጣ ይደብቃል። ባለፈው ፒያሳ አካባቢ አንድ ቤት ምሳ ተጋብዤ ነበር። ከውጭ የመጣው ልጅ እግሩን ጠረጴዛ ሥር ዘርግቷል፣ አልታጠፍለት ብሏል።

«ምነው ልጄ፣ ከሳህብኝ! ብላ እንጂ!» ይላሉ አክስቱ። የሸሚዙ ቁልፍ ሆዱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ክትፎው ላይ ቅቤ ተጨመረበት።

«እግርህን ምን ሆነህ ነው?»

«ደንዝዞኝ ነው፣ እትዬ።»

ጥቂት ቆይቶ በራሱ ብር የተገዛ ማቀዝቀዣ መጣ። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለም። ልጁ ተነሳና አንዱን ጫፍ ያዘ! ማንም አላስቆመውም፣ ማንም አያውቅማ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ሲቆም ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ለምንድን ነው የምትደብቁት? «ውጭ የሚኖር ሰው አይታመምም» ብሎ ዘመዶቻችሁን ያሳመናቸው ማን ሆነና! በየፎቶው ፈገግ ያላችሁት እናንተው ናችሁ። በመጀመሪያው ምሳ ላይ ተናገሩት። «ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ። ወራት ሥራ አልገባሁም። ዕቃ አልሸከምም። ቅቤውን ቀንሱልኝ።» አክስታችሁ ያለቅሱ ይሆናል፣ ከዚያ ጎመኑን ወደ እናንተ ያስጠጋሉ። አንዳንዱ ዘመድ ደግሞ ብሩ ሊቀንስ ነው ብሎ ፊቱ ይጠቁራል። ይጥቆር።

የኅዳሩን ታላቁ ሩጫም እንዲሁ። 10 ኪሎ ሜትሩን እየጨፈረ፣ እያወራ የሚራመደው ብዙ ነው። እዚያ መሃል ግቡ፣ ማሰሪያውን ከሱሪ በላይ እሰሩት፣ ይታይ።

የመመለሻ ቀናችሁን ስትቆርጡ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮውንም ያዙ። በዚያ ሰዓት አለቃችሁ ለትርፍ ሰዓት ቢደውል አታንሱ። ከዚህ «ብር ላክ» የሚል ስልክ ከመጣም፣ ሐኪም ቤት ነኝ ብላችሁ ዝጉት።