ምድር ቤቱን መኝታ ላድርገው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቀበና፣ ከወንዙ በላይ ቁልቁለቱ ላይ የቆየ ቤት አለን። ከሥሩ ምድር ቤት አለው። በጀርባ በኩል ግድግዳው አፈር ውስጥ ነው፣ በፊት በኩል በሩ ወደ ግቢ ይወጣል። እስካሁን ጀሪካን፣ ከሰልና የተሰበረ ወንበር ነው ያጨቅንበት። ልጄ አድጓል፣ ከእህቶቹ ጋር አንድ ክፍል ማደሩ አልሆነም። እዚያ መኝታ ላዘጋጅለት ብዬ ግንበኛ ጠራሁ። «ግድግዳውን ጂፕሰም፣ ወለሉን ሴራሚክ አድርገን ከሰኔ በፊት እናስረክብሻለን» አለኝ። ከጀርባው ግድግዳ ታች ታቹ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ፤ እሱን «ይፋቃል» ብሎ አለፈው። ምን ትሉኛላችሁ?
እናት ነኝ፣ ከቀበና

መልስ፦ እህቴ፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው፣ ግንበኛው ግን ቸኩሏል።

ያ ነጭ ዱቄት ጨው ነው። ውሃ ከአፈሩ በግንቡ ውስጥ እየሰረገ ይመጣና ሲደርቅ የያዘውን ጨው እዚያው ትቶት ይሄዳል። መፋቁስ ይፋቃል፣ ግን ውሃው የሚመጣበት መንገድ እስካልተዘጋ ድረስ ተመልሶ ይወጣል። ፊቱን በጂፕሰም ከሸፈናችሁት ደግሞ አይታያችሁም እንጂ ጂፕሰሙ ከኋላው እርጥበት እየጠጣ ይላላል፣ ይሻግታል፣ ልጅሽም ያንን ሻጋታ ሲተነፍስ ያድራል። አስም ካለበትማ አይነሳ።

ስለዚህ ክረምቱ ሳያልፍ ምንም አትሸፍኚ። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከሚዘንበው ግማሽ ገደማው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በግንቦት ደረቅ የሆነ ግድግዳ ምንም አይነግርሽም። ዕቃውን አውጪ፣ ክፍሉን ባዶ አድርጊና ሐምሌ ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ፣ ሌላ ደግሞ ወለሉ ላይ ዙሪያውን በስኮች አጥብቀሽ ለጥፊ። ከሁለት ቀን በኋላ ገልጠሽ እዪው። ከላስቲኩ ሥር ውሃ ካቀረረ የሚመጣው ከአፈሩ ነው። ላዩ ላይ ብቻ ከሆነ የክፍሉ አየር ነው፣ እሱ ቀላል ነው፣ መስኮት ይፈታዋል።

ከአፈሩ ከሆነ መድኃኒቱ ከውጭ ነው። መጀመሪያ ግን ቀና ብለሽ አሸንዳሽን እዪ። ስንቱ ቤት የጣሪያው ውሃ በሙሉ ግድግዳው ሥር እየተደፋ «ምድር ቤቱ ውሃ ያመነጫል» ይባላል! ቱቦ ቀጥለሽ ከግድግዳው አርቂው፣ መሬቱም ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ውጭ ያዘንብል። ይህ ብዙ ብር አይጠይቅም፣ አንዳንዴም ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ ከጀርባ በኩል አፈሩ ተነስቶ ግድግዳው ከውጭ ውሃ መከላከያ ይቀባል፣ ሥሩ ላይ የተበሳሳ ቱቦ በጠጠር ተሸፍኖ ይቀበርና ውሃውን ቁልቁል ይወስደዋል። ቁልቁለት ላይ መሆናችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል። ቁፋሮውን በደረቁ ወቅት፣ ከጥቅምት በኋላ፣ በየተራ ጥቂት ሜትር እየከፈታችሁ አሠሩት። አንድ ክረምት መጠበቅ ያናድዳል፣ አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ ማሠራት ግን የበለጠ ያናድዳል።

መስኮቱን አደራ። በተለምዶ የወለሉን አንድ አስረኛ ያህል ቢሆን ይመከራል፤ 3 በ4 ሜትር ለሆነ ክፍል 1.2 ካሬ ማለት ነው። በበሩ በኩል እሳት ቢነሳ ልጁ የሚወጣው በዚያ ነው፣ ስለዚህ ለሌባ ብላችሁ የብረት ፍርግርግ ካደረጋችሁበት ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን። ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት ደግሞ መሐንዲስ ይየው፣ ፈቃዱንም ክፍለ ከተማ ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ይህን ለልጁ ራሱ ንገሪው። ምድር ቤት ይበርዳል፣ ሐምሌ ላይ «ትንሽ ከሰል ላስገባ» ማለቱ አይቀርም። በፍጹም! የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይዱ አለ፣ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ቡና እንኳ እዚያ አይፈላ። ብርድ ልብስ ጨምሪለት።

ጥያቄ፦ የኛ ምድር ቤት ጣሪያው ዝቅ ብሎ ጭንቅላት ይመታል። ወለሉን ግማሽ ሜትር ቆፍረን ብናወርደውስ?
ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ያለ መሐንዲስ አካፋ እንዳታነሱ። የድሮ ቤት መሠረቱ ድንጋይ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጥልቅ አይደለም። ከመሠረቱ በታች ከወረዳችሁ ድንጋዩን የያዘውን አፈር አነሳችሁ ማለት ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ሲብስም ይናዳል። ኮርኒስ ካለው አንሡትና ስንት ሴንቲ እንደምታተርፉ ለኩ። 2.40 ሜትር አካባቢ ከደረሰ ጥሩ ነው። ካልደረሰ ዕቃ ማስቀመጫነቱ ይቀጥል።