የአየር መንገዶች ኅብረት ለተመላላሽ መንገደኛ ምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን አካባቢ እየኖርኩ ወላጆቼን ለመጠየቅ በኢትዮጵያ አየር መንገድ እመላለሳለሁ። ማይሌን (በበረራ የማገኘውን የሽልማት ነጥብ) በኢትዮጵያ አየር መንገድ መርሐ ግብር በሸባማይልስ ላጠራቅም ወይስ በአሜሪካው አየር መንገድ በዩናይትድ? ደግሞስ አየር መንገዶች ሲተባበሩ የቲኬት ዋጋ አይወደድም?

መልስ፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2011 ዩናይትድም አባል የሆነበትን የአየር መንገዶች ኅብረት፣ ስታር አሊያንስን፣ ስለተቀላቀለ የአንድ በረራ ማይል በሁለቱም ሳይሆን በመረጡት በአንዱ መርሐ ግብር ይመዘገብልዎታል። አሜሪካ ውስጥ በዩናይትድ አዘውትረው የሚበሩ ከሆነ ሁሉንም እዚያ ማከማቸት ያዋጣል፤ ጉዞዎ በአብዛኛው ወደ አገር ቤት ከሆነ ግን ሸባማይልስ ይሻላል። ማይሉን ከፋፍሎ ማስቀመጥ ለተመላላሽ መንገደኞች የሚሰጠውን የወርቅ ደረጃ ያርቃል፤ ይህ ደረጃ ደግሞ የሚያስገኘው ተጨማሪ ሻንጣ፣ ለቤተሰብ ዕቃ ጭኖ ለሚሄድ ሰው፣ ቀላል ጥቅም አይደለም። ርካሽ ቲኬት የሚያስገኘው ማይል አነስተኛ ሊሆን ስለሚችል ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ። ኅብረቱም ዘላለማዊ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው የስካንዲኔቪያው ኤስ ኤ ኤስ በ2024 ወደ ሌላ ኅብረት፣ ወደ ስካይቲም፣ ተዛውሯል።

የዋጋው ሥጋትዎ ተገቢ ነው። አንዱ የሌላውን መስመር የሚቀጥልበት ትብብር መንገደኛውን ይጠቅማል፤ በአንድ መስመር ላይ ይፎካከሩ የነበሩ ሁለት ድርጅቶች ተስማምተው ሲሠሩ ግን ተጎጂው ገዢው ነው። በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት አሜሪካን ኤርላይንስና ጄትብሉ በኒውዮርክና በቦስተን የነበራቸውን ትብብር ውድድርን ይጎዳል ብሎ እንዲቋረጥ አዝዟል። ዩናይትድ ወደ አዲስ አበባ ስለማይበር በእርስዎ መስመር ኅብረቱ ያስወገደው ተፎካካሪ የለም። በፍራንክፈርት በኩል የሚያገናኘው የጀርመኑ ሉፍታንዛ ግን የዚሁ ኅብረት አባል በመሆኑ፣ ዋጋ ሲያወዳድሩ ከኅብረቱ ውጭ ያሉትን ኤምሬትስንና ኳታር ኤርዌይስን አብረው ይመልከቱ።