ፓስወርድ መቀየር ብቻውን አያድንዎትም

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ትንሽ የታክስ ቢሮ አለኝ። ረዳቴ ከደንበኛ የመጣ የመሰላትን ኢሜይል ከፍታ፣ አንድ ሌባ የቢሮውን ኢሜይል ለአራት ቀን ሲበረብር ቆይቷል። የ340 ደንበኞች ፋይል እዚያ ነበር። ካወቅሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ወንድሜ «ፓስወርዱን ቀይረሃል፣ ዝም በል፤ ሐበሻ ከሰማ ማን ይመጣልሃል?» ይለኛል። የማሳወቅ ግዴታ አለብኝ?

መልስ፦ አለብዎት፤ ቀኑም እየሄደ ነው።

በመጀመሪያ ሰው ይቁጠሩ። 340 ፋይል 340 ሰው አይደለም። አብረው ታክስ የሚያሠሩ ባልና ሚስት ሁለት ናቸው፤ የልጆቹም ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) እዚያው ወረቀት ላይ አለ። ሌባ ደግሞ የሕፃን ሶሻል ይወዳል፤ ልጁ አድጎ ክሬዲት እስኪጠይቅ ማንም ዞር ብሎ አያየውማ! የፌዴራል ሕግ ታክስ አዘጋጅን ከገንዘብ ተቋማት ጋር ይመድበዋል። የተነካው ሰው 500 ከደረሰ ባወቁ በ30 ቀን ውስጥ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ማሳወቅ አለብዎት። የቀረዎት ዘጠኝ ቀን ገደማ ነው።

ከዚያ ስቴቶቹ አሉ። እዚህ ላይ የሚታየው ቢሮዎ ያለበት ሳይሆን ደንበኛው የሚኖርበት ቦታ ነው። ለሜሪላንድ ነዋሪዎች ደብዳቤው ባወቁ በ45 ቀን ውስጥ መላክ አለበት፤ ከዚያ በፊት ግን ለስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ይነገራል። ቅደም ተከተሉን ብዙዎች ይገለብጡታል። ከዲሲ 50 ሰው ከተነካ እዚያም ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ይነገራል፤ ሶሻል ከወጣ ደግሞ ለእያንዳንዱ የ18 ወር የማንነት ስርቆት መከላከያ አገልግሎት በእርስዎ ወጪ ይገዛል። ከአሌክሳንድሪያ የሚመጡ ደንበኞች ካሉ የቨርጂኒያንም ሕግ እናያለን።

ሜሪላንድ አንድ ቀዳዳ ትታለች፦ አጣርተው «መረጃው ለክፉ አይውልም» ካሉ ደብዳቤ መላክ ይቀራል፣ የደረሱበትን ግን በጽሑፍ ለሦስት ዓመት ያስቀምጣሉ። አራት ቀን ሙሉ ሶሻል ሲያነብ ለከረመ ሌባ ይህን ጽፌ ዐቃቤ ሕግ ፊት አልቆምም።

ወንድምዎ የፈሩት ሐሜት እውነት ነው፤ በሽታውን የሸሸገ ግን መድኃኒት አይገኝለትም። ደንበኛው በስሙ ሌላ ሰው ታክስ ሞልቶ ተመላሹን እንደወሰደበት ከአይ አር ኤስ (ከፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) ከሰማ፣ ያኔ ሐሜት ብቻ አይሆንም። ከእንግሊዝኛው ደብዳቤ ጋር የአማርኛ ገጽ ያያይዙ፤ አለዚያ እናቶቻችን ማስታወቂያ መስሏቸው ይጥሉታል። ክሬዲትን በነፃ ማስቆለፍ እንደሚቻልና ሌላ ሰው በስማቸው ታክስ እንዳይሞላ የሚያግደውን ባለስድስት አኃዝ የአይ አር ኤስ መከላከያ ቁጥር እንዴት እንደሚጠይቁ ይጻፍበት።

ዛሬውኑ ለአካባቢዎ የአይ አር ኤስ አገናኝ ኦፊሰር ይደውሉ፤ በደንበኞችዎ ስም የሚገባ የሐሰት ፋይል ማስቆም የሚችሉት እነሱ ናቸው። ኢንሹራንስ ካለዎት ለእነሱም ይንገሩ። በሕግ ሊኖርዎት የሚገባውን የጽሑፍ የደኅንነት ዕቅድ ይዘው ይምጡ፤ ከሌለዎትም አሁን ጽፈው የድሮ ቀን እንዳያደርጉበት። ያን የመጀመሪያውን ኢሜይልም እንዳትሰርዘው ለረዳትዎ ይንገሯት።