ለቋሚ ደንበኛ ቦነስ ይሰጥ ወይስ ይቅር? የፀጉር ቤቶች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ፀጉር ቤት ከሠራተኛነት ጀምሬ እስከ ባለቤትነት ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ትንንሽ ሳሎኖች ሒሳባቸውን እንዲያስተካክሉ አግዛለሁ። «አሥር ጊዜ ከመጣሽ አንዱ በነፃ» የሚለው ካርድ ብዙዎቻችሁን እያሳሰበ ስለሆነ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄዎቻችሁ እነዚህ ናቸው፤ የማውቀውን በግልጽ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጀሞ አካባቢ ሁለት ወንበር ያላት ፀጉር ቤት አለችኝ። አጠገቤ ያለው ሳሎን ካርድ ማደል ጀመረ። እኔም ልጀምር?

መልስ፦ ጎረቤት ስለጀመረ ብቻ አትጀምሪ። መጀመሪያ ይህን መልሺልኝ። ማክሰኞ ከሰዓት ወንበሮችሽ ባዶ ናቸው? ቅዳሜስ ሰው ወረፋ ይጠብቃል? ለሁለቱም «አዎ» ካልሽ ቦነስ ሊጠቅምሽ ይችላል፤ ግን ለባዶው ሰዓት ብቻ። ቅዳሜ በነፃ የምትሠሪላት ሴት የያዘችው ከፍላ ልትሠራ የመጣችዋን ቦታ ነው፣ ያቺ ደግሞ ወረፋው ሲረዝምባት ወደ ጎረቤትሽ ትሄዳለች። ማክሰኞ የምትሠሪላት ግን የማንንም ቦታ አትይዝም። አየር መንገዶች፣ የኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድም በሼባ ማይልስ የደንበኞች ፕሮግራሙ፣ ነፃ ትኬት መስጠት የሚችሉት ባዶውን ሊበር የሚችል መቀመጫ ስላላቸው ነው። ያንቺ ባዶ መቀመጫ ማክሰኞና ረቡዕ ነው። ወንበርሽ ሳምንቱን ሙሉ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ ምንም ቦነስ አያስፈልግሽም፣ ዋጋሽን ብታስተካክዪ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አሥር ከፍላ አንድ በነፃ ብል ያን ያህል ይጎዳኛል? አንድ ብቻ እኮ ነው።

መልስ፦ 11 ሠርተሽ የ10 ትቀበያለሽ፤ ወደ 9 በመቶ ቅናሽ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ቅናሹ የሚነሳው ከጠቅላላ ገቢሽ ላይ ነው፣ ትርፍሽ ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹን በራስሽ ቀይሪያቸው። ሥራው 600 ብር ነው እንበል። ሠራተኛዋ 40 በመቶ ካላት 240 ብር የሷ ነው። ለሻምፖ፣ ለኮንዲሽነርና ለቅባት 80 ብር ያዢ። 280 ብር ቀረሽ። ከዚህ ላይ ኪራይ፣ መብራት፣ ውኃና ግብር ተደምረው 200 ብር ቢወስዱ ንጹሑ 80 ብር ነው። ከአሥሩ ሥራ 800 ብር ማለት ነው። አሁን አሥራ አንደኛውን በነፃ ስትሠሪ ለሠራተኛ 240፣ ለዕቃ 80፣ በድምሩ 320 ብር ከኪስሽ ይወጣል። ከ800 ብር ትርፍሽ 40 በመቶው ሄደ! ለዚህ ነው ካርድ ከማሳተማችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ የምለው። በዚህ ስሌት የሚያዋጣሽ፣ ካርዱ ባይኖር የማትመጣ ሴት ካመጣልሽ ወይም በወር አንዴ የምትመጣዋ ሁለቴ እንድትመጣ ካደረጋት ነው። ድሮም በየሳምንቱ ለምትመጣዋ ከሆነ ግን ያለሽን እየሰጠሽ ነው።

ጥያቄ፦ ሠራተኞቼ በፐርሰንት ነው የሚሠሩት። በነፃ ለሚሠራው ፐርሰንታቸውን መክፈል አለብኝ?

መልስ፦ አዎ፣ ሙሉውን ክፈል። በዚህ ላይ አልደራደርም። ቦነሱን የወሰንከው አንተ ነህ፣ ደንበኛዋ የምትቀረው ለሳሎንህ ነው፣ ልጅቷ ግን ለሁለት ሰዓት ቆማ የምትሠራው በነፃ ከሆነ ምን ይሆናል? ካርዷን የያዘችው ደንበኛ ስትገባ ሁሉም ሠራተኛ ዞር ይላል። ፎኑ ይቸኩላል፣ ፔስትራው (የፀጉር መተኮሻው) በደንብ ሳይወርድ ያልቃል፣ ፊት ይጠቁራል። ደንበኛ ደግሞ ይህን ወዲያው ታውቀዋለች። ልትሸልማት ብለህ አዋርደህ ላክሃት ማለት ነው። ጉርሻም አስብበት። ብዙ ሰው ሥራው ነፃ ሲሆን ጉርሻውንም ይረሳል፣ ስለዚህ ልጅቷ ሁለት ጊዜ ነው የምትጎዳው። ፐርሰንቱን ከፍለህ የማያዋጣህ ከሆነ ቦነሱ መጀመሪያውኑም አቅምህ አልነበረም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ በተቃራኒው ሠራተኛ ነኝ። ደንበኞቹ የሚመጡት ለእኔ ነው፣ ካርዱ ግን የሳሎኑ ነው። ነገ ብወጣ ደንበኞቼን ያስቀርብኛል?

መልስ፦ አያስቀርም። በሙያችን ደንበኛ የሚከተለው እጅ ነው። ስድስት ማህተም የተመታበት ካርድ በቦርሳዋ ይዛ የለመደቻት ልጅ ወደሄደችበት ሰፈር ታክሲ ተሳፍራ የምትሄድ ሴት ሞልታለች። ባለቤቶችም ይህን ብታውቁት ይጠቅማችኋል፤ ለደንበኛ ቦነስ ከማሰባችሁ በፊት ጎበዟን ሠራተኛ የሚያቆያት ምን እንደሆነ አስቡ። ደንበኛዋ በተመለሰች ቁጥር ለሠሪዋ ትንሽ ጭማሪ ብትሰጡ ከካርዱ የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። አንቺም ብትሆኚ ከሳሎኑ ደብተር ላይ ስልክ ገልብጠሽ አትውጪ። ያ ቁጥር ለሳሎኑ ነው የተሰጠው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ የሰውን መረጃ ከተሰጠበት ዓላማ ውጪ መጠቀምን ይከለክላል። ራሷ ቁጥሯን ከሰጠችሽ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ልስጥ? ቅናሽ፣ ስጦታ ወይስ ነፃ ሥራ?

መልስ፦ የብር ቅናሽ የመጨረሻ ምርጫሽ ይሁን። 600ውን በ450 የለመደች ሴት ሥራውን የምታውቀው በ450 ነው፣ 600 ስትያት የጨመርሽባት ይመስላታል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ሪላክሰሩም (ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካሉ)፣ ቀለሙም፣ ሂውማን ሄሩም ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ። መጨመር ባለብሽ ጊዜ መቀነስን ማስለመድ ራስን ማሰር ነው። እኔ የምመርጠው ትንሽ ተጨማሪ ሥራ ነው። ፀጉሯን ልትሠራ ለመጣች ሴት ቅንድቧን በክር ማንሳት፣ ጥፍሯን ቀለም መቀባት፣ ወይም ካስክ (የፀጉር ማድረቂያው) ውስጥ ከመግባቷ በፊት ጭንቅላቷን ደህና አድርጎ ማሸት። ዕቃው ትንሽ ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው፣ ለሷ ግን ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ውስጥ አንዱን ወዳው በሚቀጥለው ከፍላ ልትጠይቅ ትችላለች።

ጥያቄ፦ ካርድ ላሳትም፣ በደብተር ልያዝ ወይስ አፕ ልግዛ?

መልስ፦ ደብተር። ካርድ ይጠፋል፣ ማህተሙም ገበያ ላይ የሚገኝ ዓይነት ከሆነ ማንም ይመታዋል። አፕ ለሁለት ወንበር ቤት ወጪ ብቻ ነው። ስም፣ የስልኩ መጨረሻ አራት ቁጥር፣ ቀን፣ የተሠራው ሥራ፣ የሠራችው ልጅ። በቃ። ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ የትኛው ቀለም እንደተቀባላት፣ የትኛው ሪላክሰር ቆዳዋን እንዳቃጠላት ትጽፊበታለሽ።

ካርድ ደስ ይለኛል ካልሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። ኑነስ እና ድሬዝ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የታወቀ ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ አንድ መኪና እጥበት ቤት ለግማሹ ደንበኛ ስምንት ማህተም የሚፈልግ ካርድ ሰጡ። ለግማሹ ደግሞ አሥር የሚፈልግ፣ ግን ሁለቱ አስቀድሞ የተመታበት። ሁለቱም ገና ስምንት ጊዜ መምጣት አለባቸው። የመጀመሪያውን ካርድ የጨረሱት 19 በመቶ ሲሆኑ ሁለተኛውን የጨረሱት 34 በመቶ ናቸው። ሰው የተጀመረ ነገር መጨረስ ይፈልጋል። ስለዚህ ካርዱን ባዶውን አትስጪ፣ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ምቺበት።

ጥያቄ፦ እኔ ሹሩባ ብቻ ነው የምሠራው። ደንበኛ በወር አንዴ ከመጣች ትልቅ ነገር ነው፣ እንዲያውም ብዙዎቹ ለበዓል ነው የሚመጡት። ካርድ ይሆነኛል?

መልስ፦ የአሥር ካርድ አይሆንሽም። አሥር ወር ማን ይጠብቃል? በአራት አድርጊው። ወይም ቁጥሩን ተይውና ቀኑን ተጠቀሚ፤ ከተሠራችበት ቀን ጀምሮ በአምስት ሳምንት ውስጥ ከተመለሰች የድሮውን ሹሩባ መፍታትና ማጠቡ በነፃ። ሹሩባ ፈቺ አጥታ ቤት ስትታገል የምታመሽ ሴት ይህን ታደንቃለች። ፀጉሯም ሳይጎዳ በጊዜው ይፈታል።

ጥያቄ፦ ሁዳዴ ሲገባ ገበያው ጭር ይላል። ያኔ ቦነስ ባደርግስ?

መልስ፦ ትክክለኛው ጊዜ እሱ ነው። በኦርቶዶክሱ በኩል በ55ቱ የጾም ቀናት ሠርግ የለም፣ ሙሽራና ሚዜ የሚያመጣው ገቢ ይቆማል። ያኔ ትሪትመንት ላይ አተኩሩ፤ በጥር ሠርግ በቀለምና በፔስትራ የተጎዳ ፀጉር ማገገሚያው ጊዜ ነው ብላችሁ አቅርቡት፣ እውነትም ነው። በተቃራኒው የእንቁጣጣሽ፣ የገና፣ የጥምቀትና የፋሲካ ሳምንት፣ የሙስሊም ደንበኛ የሚበዛባችሁ ደግሞ የኢድ ዋዜማ፣ ቦነስ እንደማይሠራ ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ተናገሩ። ደንበኛ ካርዷን ይዛ በዋዜማ መጥታ «ዛሬ አይሠራም» ስትባል ነው የምትጣላችሁ።

ጥያቄ፦ አምስት ጊዜውን አስቀድማ የምትከፍል ደንበኛ ስድስተኛውን በነፃ ብላትስ? ብሩ ደግሞ ለኪራይ ይሆነኛል።

መልስ፦ «ለኪራይ ይሆነኛል» ያልሽው ነው ያስፈራኝ። ያ ብር ገና ያልሠራሽበት ነው፣ ዕዳ ነው። ዛሬ ለኪራይ ከፍለሽው በሚቀጥለው ወር ሻምፖ በምን ትገዢያለሽ? የዕቃ ዋጋ ከጨመረም በድሮ ዋጋ የመሥራት ግዴታ አለብሽ። ስድስተኛውን በነፃ ስትጨምሪበት ደግሞ 17 በመቶ ገደማ ቅናሽ ነው። የግድ ካልሽ ከሦስት አታሳልፊ፣ በሁለት ወር እንዲያልቅ አድርጊ፣ ብሩንም ለብቻው አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ ጓደኛ ላመጣች ብሰጥስ?

መልስ፦ ጥሩ ነው፣ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ግን ስጦታውን ጓደኛዋ ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ስጪ። ለሁለቱም ይሁን፣ ካልሆነ ጓደኛዋን ለጥቅም ያመጣቻት ይመስላል።

ጥያቄ፦ ለፋሲካ ደንበኞቼን ስልካቸውን ጽፈው ዕጣ ላወጣላቸው አስቤያለሁ፤ የሚደርሳት ሂውማን ሄር ትሸለማለች።

መልስ፦ ተወው። ዕጣ ያለ ፈቃድ አይወጣም፣ ለማስተዋወቂያም ቢሆን ሎተሪን የሚቆጣጠረውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይፈልጋል። ለዚያ ሂውማን ሄር የምታወጣውን ብር ለቋሚ ደንበኞችህ በትንሽ በትንሹ አካፍለው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት፣ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ። የኔ ችግር ደንበኛ ማጣት አይደለም፣ ቀጠሮ ይዘው ይቀራሉ። ቦነስ ይህን ያስተካክላል?

መልስ፦ በከፊል። ቦነሱን ለመጣችበት ብዛት ሳይሆን በሰዓቱ ለመጣችበት ስጪ። አራት ቀጠሮ በሰዓቷ ያከበረች አምስተኛው ላይ ትሪትመንት። ግን ቀብድም ያስፈልግሻል። የአገር ልጅ ሆና ቀብድ መጠየቅ እንደሚከብድ ይገባኛል፣ ቢሆንም ሹሩባ አምስት ሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው፤ አንዷ ስትቀር ቀኑ ሄደ። ለሁሉም እኩል ካደረግሽው ማንም አይቀየምሽም።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ጥሩ ከሠራሽ ደንበኛ ራሷ ትመጣለች።

መልስ፦ አብዛኛውን እስማማለሁ። ደንበኛ ለምን እንደቀረች ብትጠይቂ «ካርድ ስለሌላችሁ» የምትልሽ የለችም። አራት ሰዓት ብላችሁኝ ሰባት ሰዓት ወጣሁ፣ ሠሪዋ ስልኳን እያወራች ነበር፣ የቆረጣችሁኝ ከነገርኳችሁ በላይ ነው፣ ዋጋው ስገባ ሌላ ስወጣ ሌላ ሆነ፤ የምትሰሚው ይህን ነው። የዋጋ ዝርዝርሽን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከየትኛውም ቦነስ በላይ እምነት ያመጣል። መብራትንም ልጨምርበት። ፀጉሯ ቢጉዲን (መጠቅለያ) ላይ እንዳለ መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጊያለሽ? አንዳንዱ ቤት ዝም ብሎ ያስጠብቃታል፣ ሲመሽ ሙሉ ዋጋ ይቀበላታል። ሻይ ያቀረበላት፣ መብራት ያላት ጎረቤት ሳሎን ድረስ ወስዶ ያስጨረሰላት፣ ወይም «ነገ ጠዋት በነፃ እናስተካክላለን» ያላት ቤት ግን ለዓመታት ያተርፋታል። እንዲህ ያለ ቀን የሚሰጥ ነፃ ሥራ ከየትኛውም ካርድ ይበልጣል። ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው፤ ጥሩ የምትሠሪ ከሆነ ትንሿ ቦነስ ረቡዕን ትሞላልሻለች፣ መጥፎ የምትሠሪ ከሆነ ግን አትጀምሪው።

ጥያቄ፦ እኔ ጀምሬው አላዋጣኝም። ደንበኞቼን ሳላስቀይም እንዴት ላቁመው?

መልስ፦ ዛሬ ጀምረሽ አዲስ ካርድ አትስጪ። በደንበኞች እጅ ያለውን ግን አክብሪ፣ አንዱንም አትሰርዢ። መቼ እንደሚያበቃ የሚገልጽ ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጥፊ፣ ሦስት ወር ስጪያቸው። ሰባትና ስምንት ማህተም ላላቸው ራስሽ ደውይላቸው፣ በማክሰኞና በረቡዕ ቀጠሮ ያዢላቸው፣ ሁሉም ባንድ ቅዳሜ እንዳይመጡብሽ። ለሠራተኞችሽም ቀድመሽ ንገሪ፣ ምክንያቱም ደንበኛ መጀመሪያ የምትጠይቀው ፀጉሯን የያዘችውን ልጅ ነው።